የእኛ ቤት ሦስት

ሰኞ፣ 3

ሐኪሙ ደብተር ይግዙ አለኝ። አልገዛሁም። ልጄ አምና ግማሹን ሳትጽፍበት የተወችው የሒሳብ ደብተር ነበር፤ የተጻፈበትን ገንጥዬ ባዶውን ወሰድኩ።

ማታ ማታ ቁጥር ልጽፍ ነው። "ዜሮ ማለት ምንም የለም ማለት ነው" አለኝ። "አሥር ማለት ደግሞ ከዚህ የባሰ ሕመም የለም የሚሉት። ከቁጥሩ ጎን ምን እንደሚመስል ይጻፉ። ይፈልጣል፣ ይወጋል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይጫናል፤ በራስዎ ቃል።" ወጣት ነው። ጋዋኑ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ ሁለት ጣት ያህል መግባት ነበረበት።

አሥርን ለማን እንደምሰጥ አውቃለሁ። ከእኔ በፊት የነበረችው ጨርቅ ቆራጭ ምላጩ ሌባ ጣቷን ሲወስደው አጠገቧ ነበርኩ። አሥር የእሷ ነው። ዘጠኝ ልጄን የወለድኩ ቀን ነው። ስምንትንና ሰባትን ለሚመጣው መተው ያስፈልጋል። ጨርቅ ስቆርጥም ጫፉ ላይ ትርፍ እተዋለሁ፤ ትርፍ የሌለው ልብስ ቢጠብ የሚለቀቅ ነገር የለውም። ለራስ ምታት እንግዲህ የሚደርሰው ታች ያለው ነው።

በእርሳስ ነው የምጽፈው። ቁጥር ሊስተካከል ይችላል።

ዛሬ፦ 2። የሚወራለት አይደለም።

ማክሰኞ፣ 4

3። ከግራ ዓይኔ ጀርባ። ይመታል። ሥራ አልተጓደለም።

ትልቅ ትእዛዝ መጥቷል። አዲስ ሆስፒታል ሊከፈት ነው፤ የሐኪሞቹ ጋዋንና የነርሶቹ ልብስ በሙሉ ከእኛ ወርክሾፕ ይወጣል። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ተናገረ። አንገቱ ላይ ሜትር ሳያንጠለጥል አይተነው ስለማናውቅ ከኋላው "ሜትር" ነው የምንለው፤ ከፊቱ ጋሼ።

"የሚከፈትበት ቀን አይለወጥም" አለ። "እናንተም አትለወጡብኝ።"

ይህን ሲል እኔን ነው ያየው። እኔ ካልቆረጥኩ ሰፊዎቹ ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ነው የሚቀመጡት። ሌላ ቆራጭ የለም። ይህ ለእኔ ጥሩ ነገር ነው፤ መጥፎም ነው።

ጨርቁ ነጭ ነው። በንብርብር ተነጥፎ ረጃጅሞቹ አምፖሎች ሲያርፉበት ጠረጴዛው ራሱ የበራ ይመስላል። ከላዬ ያለውን አምፖል አጠፋሁት። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ሐሙስ፣ 6

3።

ተኳሿ ጠርጥራለች። ሥራዋ ልብስ መተኮስ ስለሆነ "ጄኔራል" እንላታለን፤ እሷም ማዕረጉን ተቀብላለች። ካውያዋን አስቀምጣ መጣችና ፊቴን አየች።

"አንቺ፣ ዓይንሽን ምን ሆንሽው? ያለቀሰ ይመስላል።"

"የጨርቅ ብናኝ ነው።"

"ብናኝ አንዱን ዓይን መርጦ ነው እንዴ የሚገባው?"

የጨርቁን ጫፍ ማስተካከል ጀመርኩ።

"ስሚኝማ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አማቴ ራስ ምታት ሦስት ዓይነት ነው ትላለች። የሚፈልጥ አለ፣ የሚያዞር አለ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚነሣ አለ። ያንቺው የቱ ነው?"

"ሦስተኛው" አልኳት። "አንቺ ስትመጪ ተነሣ።"

ሳቀች። ሳቋ እንደ ምስማር ነው የገባው። ለደብተሩ፦ ይወጋል።

እሑድ፣ 9

3። ቀኑን ሙሉ።

መጋረጃውን ዘግቼ፣ ራሴን በሻሽ አስሬ ተኛሁ። ደጋግሞ አስመለሰኝ። ልጄ ባልዲ አመጣች፣ ወሰደች፣ አጥባ መለሰች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ፍራሹን ሳታነቃንቅ ተቀመጠች።

"እማ፣ ስንት ነው?"

"ሦስት።"

"ሦስት ላይ ያስመልሳል እንዴ?"

"አንዳንዴ።"

"አራት ላይስ?"

"አራት ሲሆን እነግርሻለሁ።"

አሰበችበት። ከዚያ ወጥታ በሩን ዘጋች። ልጄ በር ያለ ድምፅ መዝጋት ትችላለች፤ እጀታውን እንደያዘች ትገፋና ቀስ አድርጋ ትለቀዋለች። ከየት እንደተማረችው አላውቅም።

አመሻሽ ላይ አባቷ ደወለ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። "ራስሽን ነው? ውሃ ጠጪ" አለኝ። ለሁሉም ነገር ውሃ ጠጪ ነው። መኪናውም ስትግልበት ውሃ ነው የሚሰጣት።

ሰኞ፣ 10

3። ቸኩያለሁ። የጋዋኑ ጀርባ በሙሉ ተቆርጦ አለቀ። ክኒን፣ ከዚያ ሌላ ክኒን። ብሉ አልመጣም።

ማታ። ብል የምለው ምን እንደሆነ ልጻፈው። አንዳንዴ ከሕመሙ በፊት፣ የማየው ነገር ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ብል የበላው ጨርቅ ላይ እንዳለው። ቀዳዳው ይሰፋል። ጠርዙ ያበራል፤ በጥርሳም መቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ሲብስ የሰው ፊት ግማሹ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ይከደናል፤ ራሴ የሚጀምረኝ ያኔ ነው።

ይህን ለሐኪሙም አልነገርኩትም። ምላጭ የምትይዝ ሴት "ግማሹ አይታየኝም" ካለች ማን ጠረጴዛ ላይ ያቆማታል?

ረቡዕ፣ 12

3። ሐኪም ቤት።

ሐኪሙ ደብተሩን አገላበጠ። "ጥሩ ነው" አለ። "ሁሉም ከአራት በታች ነው። እንዲህ ከሆነ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ውስጥ አንገባም። ማስታገሻው ይበቃዎታል።"

"ይበቃኛል።"

"ከሥራ ያስቀርዎታል?"

"አስቀርቶኝ አያውቅም።" ይህ እውነት ነው።

"ቤተሰብ ውስጥ ማይግሬን ያለበት ሰው ነበር?"

"የለም። እናቴ ጨለማ ክፍል መተኛት ትወድ ነበር እንጂ ታማ አታውቅም።"

ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ነገር ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሣና ተወው።

"ልጆችስ?"

"አንዲት ናት። ጤነኛ ናት።"

ስመለስ አንድ አጥር ተደግፌ ቆምኩ። አንዲት ሴትዮ "እትዬ፣ ሰው ልጥራልዎት?" አለችኝ። ታክሲ እየጠበቅኩ ነው አልኳት። መንገዱ ታክሲ የሚያልፍበት አልነበረም።

ዓርብ፣ 14

2። (ጠዋት 4 ነበር፤ ማታ ሲሆን ግን ቀንሷል። የሚጻፈው የማታው ነው።)

ሜትር የእህቱን ልጅ አመጣ። ጎልማሳ ነው፤ ሌላ ቦታ ቆራጭ ነበር። የራሱን የብረት ጓንት ይዞ ነው የመጣው።

"ሊያግዝሽ ነው" አለኝ ሜትር።

"መች አግዙኝ አልኩ?"

"አላልሽም። አንቺ መች ትያለሽ?"

ሰውየው ጨዋ ነው፤ "እትዬ" ይለኛል። ከላዬ ያለውን አምፖል አየና "ተቃጥሎ ነው? ልቀይርልዎት?" አለኝ። አዎ ማለት አልቻልኩ፣ አይደለም ማለት አልቻልኩ። ቀየረልኝ። አሁን ከሁሉም አምፖል የእኔ ይበልጥ ያበራል።

ጄኔራሏ በአጠገቤ ስታልፍ "የእህት ልጅና ዝናብ ሳይጠሩት ነው የሚመጣው" አለች።

ቅዳሜ፣ 15

3።

ልጄ ዛሬ ገመድ ልትዘል አልወጣችም። ጓደኞቿ ደጅ ሆነው ሲጠሯት "አልመጣም" አለች። ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ አንዳንዴ ግማሹ ይጠፋብኛል ትላለች። መነጽር ያስፈልጋት ይሆናል። ትእዛዙ ሲያልቅ እወስዳታለሁ።

ምሳዋን አልጨረሰችም። ሽታው ደስ አይልም አለች። ሽንኩርት ብቻ ነው የጠበስኩት። ዕድሜዋ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ምግብ መምረጥ ይጀምራሉ።

ሰኞ፣ 17

4።

ብሉ መጣ፤ በቀኝ በኩል። ቢሆንም ቆረጥኩ።

ማክሰኞ፣ 18

ስለ ትናንት መጻፍ አለብኝ።

ነጩ ጨርቅ ፊትና ጀርባ አለው። በዓይን አይለይም፤ በጣት ነው፤ ፊቱ ለስላሳ፣ ጀርባው ሰያፍ ሽንትር ያለው ነው። ስለዚህ እጅጌ ሲሠመር ፓተርኑን፣ የወረቀት ልኩን፣ አንዴ እንዳለ ታስቀምጫለሽ፤ ያ ግራው ነው። ከዚያ ትገለብጪዋለሽ፤ ያ ቀኙ ነው። ይህን ጀማሪም ያውቀዋል። ፓተርኑ ጫፍ ላይ፣ በስተቀኝ፣ "ገልብጥ" የሚል ምልክት አለ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ትናንት በስተቀኝ ምንም አልነበረም። ብርሃን ብቻ ነበር፤ ጥርሳም ብርሃን። ነጭ ጨርቅ ላይ ነጭ ቀዳዳ። ትንሽ ልቀመጥ ብዬ አሰብኩ። የእህቱ ልጅ በሌላው ጠረጴዛ ጨርቅ እያነጠፈ ነበር፤ ከተቀመጥኩ መጥቶ "እኔ ልያዘው" ይለኛል። ምላጩን በእጄ ስለማውቀው ቆረጥኩ።

ዛሬ ጠዋት ከሰፊዎቹ አንዷ ሁለት እጅጌ ይዛ መጣች። ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ሁለቱም የግራ። ሌላ ንብርብር አመጣን። የግራ። ሁሉም የግራ ነበር።

ጄኔራሏ አንዱን አንሥታ አየችና "አዲሱ ሆስፒታል የሚቀጥረው ቀኝ እጅ የሌላቸውን ነው እንዴ?" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ፊቴን ስታይ እሷ ሳቋን አቆመች።

ሜትር መጣ። እጅጌዎቹን አየ፣ እኔን አየ።

"ማን ነው የቆረጠው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"አንቺ? እንዴት ሆኖ?"

"ዘነጋሁ።"

"አንቺ ዘነጋሽ?" ድምፁ የቁጣ አልነበረም። አንድ ነገር የጠፋበት ሰው ድምፅ ነበር።

"ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።"

ከእጅጌዎቹ ኪስና ኮሌታ ይውጣ አለ። ሌላ ጣቃ ማስመጣት አለበት። ይህን ሲናገር እኔን አላየኝም።

ዘነጋሁ ማለቴን ሙሉ ቀን ሳሰላስለው ዋልኩ። አልተጸጸትኩም። ዝንጉ ሰው ይመከራል፤ በሽተኛ ይተካል።

የትናንቱ 4 ይቆይ። አምስት ባደርገው ምን ሊጨመርልኝ ነው?

ሐሙስ፣ 20

3። ምላጩን የእህቱ ልጅ ይዟል። እኔ ጠመኔ። "እስክታርፊ ድረስ ነው" ብሎኛል ሜትር። እረፍት አልጠየቅኩም።

ጠመኔ ቀላል ነው። እፍ ቢሉት ይጠፋል።

እሑድ፣ 23

2።

ልጄ ጠዋት አስመለሳት። የበላችው ነገር ነው። መጋረጃውን ራሷ ዘጋችው፤ ፀሐዩ ፊቷ ላይ ስላረፈ ነው።

"ምንሽን ነው?" አልኳት።

"ራሴን።"

"ስንት?"

"ሁለት።"

"ሁለት ከሆነ ተኝተሽ ትነሻለሽ።"

ተኝታ ተነሣች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ አታማርርም። አባቷ ሲደውል ነገርኩት። ውሃ ትጠጣ አለ።

ማክሰኞ፣ 25

ከትምህርት ቤት ተደወለ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ነው የሄድኩት፤ መንገድ ላይ ነው እጄ ውስጥ ያየሁት።

ልጄ በመምህሯ ቢሮ ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ተኝታለች። ሹራቧን ፊቷ ላይ አድርጋለች። ስነካት "እማ፣ አታውሪ" አለችኝ።

መምህሯ ወደ ኮሪደሩ ወሰደችኝ። ፊቷ ቀልቷል።

"ፈተና ላይ ነበሩ። ራሴን አመመኝ አለችኝ። እኔም ጠየቅኳት፤ በጣም ነው ወይስ ትንሽ? ከአሥር ሦስት አለችኝ። ራሷ ናት ቁጥር የሰጠችኝ! ሦስት ከሆነማ በርቺ፣ ጨርሺና ትወጫለሽ አልኳት። ታዲያ እኔ ምን ልበል? ሦስት እኮ ለማንም ሦስት ነው።"

"ከዚያስ?"

"ጨርሳ አስረከበች። ቆይቶ ልጆች ናቸው መጸዳጃ ቤት ወለል ላይ ያገኟት። ልብሷ ተበላሽቷል። ወረቀቷንም ይኸው ይዩት፤ እንዲህ ሠርታ አታውቅም።"

ወረቀቱን ሰጠችኝ። ጥያቄዎቹ በሁለት ረድፍ ናቸው። የግራው ረድፍ በሙሉ ተሠርቷል፤ ንጹሕ ነው፤ አንድም ስሕተት ያለው አይመስለኝም። የቀኙ ረድፍ ባዶ ነው። እርሳስ አልነካውም።

"የቀኙን ምነው ዘለልሽው ስላት ጥያቄ የለም አለችኝ" አለች መምህሯ። "ደግሞ አልዋሸችም፤ ታስታውቃለች። በእውነት የለም ብላ ነው።"

ሁሉም የግራ ነበር።

ግድግዳውን ያዝኩ። መምህሯ ወንበር ልታመጣልኝ ሮጠች። መምህሯ አላጠፋችም። ጠይቃለች፤ ተነገራት፤ አመነች።

ማታ። እየጻፍኩ ያለሁት እሷ ከተኛችበት ክፍል በር ላይ ሆኜ ነው። ሲቀልላት ጠየቅኳት።

"ለምን ሦስት አልሻት?"

"አላለቀስኩማ።"

"ግን እያመመሽ ነበር።"

"አንቺ ደጋግሞ ሲያስመልስሽ ሦስት ነው ያልሽው። እኔ ገና አላስመለሰኝም ነበር። ሁለት ልላት ነበር፤ ሁለት ብላት ግን አትሰማኝም ብዬ ትንሽ ጨመርኩበት።"

ትንሽ ጨመርኩበት አለችኝ። እንደ ዋሸች ሁሉ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ቀዳዳው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚታይሽ?" አልኳት። ስለ ቀዳዳ ነግራኝ አታውቅም። እኔም ነግሬያት አላውቅም።

"ጥርስ ያለው?" አለች።

"ጥርስ ያለው።"

"ከክረምቱ በፊት ጀምሮ። አንቺም ታይዋለሽ?"

እናቴ ጨለማ ክፍል መተኛት ትወድ ነበር ብዬ ለሐኪሙ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ 26

ቁጥር አልጽፍም ዛሬ።

ሌሎቹ ሳይገቡ ሜትርን አገኘሁት። አምፖሎቹን ገና አላበራም ነበር።

"ጋሼ፣ እጅጌዎቹን ዘንግቼ አይደለም።"

"ታዲያ ሆን ብለሽ ነው?"

"ቀኝ በኩል አይታየኝም ነበር።"

ነገርኩት። ብሉን፣ ማስመለሱን፣ አምፖሉን። ሜትሩን ከአንገቱ አወለቀው፤ ሲያወልቀው አይቼ አላውቅም። እጁ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ።

"ምላጭ ይዘሽ?"

"ምላጭ ይዤ።"

"እያወቅሽ?"

"እያወቅኩ።"

ያኔ ተቆጣ። "ጣትሽ ቢሄድስ? ያቺን ሴትዮ ረሳሻት? ጣቷን በመሐረብ ጠቅልዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ! ለልጅሽ ምን ልላት ነበር? ዘነጋች ልላት ነበር?" ድምፁ ባዶው አዳራሽ ውስጥ እየተመላለሰ ራሴ ውስጥ ገባ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ "ሚስቴ አንዳንዴ በር ዘግታ ትተኛለች" አለ። "እንዳትጠራኝ ትላለች። ያኮረፈች ነበር የሚመስለኝ። እኔም መልሼ አኮርፋለሁ።"

"ጠይቀዋት ያውቃሉ?"

"ምን ብዬ?"

ምን ብሎ እንደሚጠይቃት ልነግረው አስቤ ተውኩት። ስለ መጠየቅ ለመምከር እኔ ማን ነኝ?

ፍርዱ ይኸው ነው፤ ምላጩ የእህቱ ልጅ ነው። ማንጠፉና ማሥመሩ የእኔ ነው። ደህና በሆንኩ ቀን እቆርጣለሁ፤ ብሉ ሲመጣ እነግረዋለሁ። "ሳትነግሪኝ ምላጭ ከነካሽ ግን" አለ ሜትሩን አንገቱ ላይ እየመለሰ፣ "ያን ቀን ነው የማባርርሽ።"

ጠረጴዛዬን ግማሹን አጣሁ። ሙሉውን ነበር የፈራሁት። እንዲህ ብዬ ልጽናና አልፈልግም፤ የሄደው ግማሽም ያማል።

ዓርብ፣ 28

ሐኪም ቤት። ሁለታችንም።

ሐኪሙ ልጄን ከፊቱ አስቀመጣት። "ያን ቀን ፈተናው ላይ ከአሥር ስንት ነበር?"

አየችኝ። ሐኪሙም እሷ እኔን ስታይ አያት።

"ሦስት" አለች።

ሊጽፍ ጎንበስ አለ።

"አይጻፉት" አልኩ። ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ። "በእኛ ቤት ሦስት ማለት ባልዲ ማለት ነው።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አራትስ?"

"አራት ላይ ሁሉም እጅጌ የግራ ሆኖ ይቆረጣል።"

"አምስትስ?"

"አምስት ጋ ደርሰን አናውቅም" አለች ልጄ። "አምስት ለሚመጣው ነው።"

ሐኪሙ አልሳቀም። ደብተሬን ከፊቱ ገለል አደረገው። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋና "ቁጥሩን እንተወው" አላት። "ያን ቀን ምን ምን ማድረግ አቃተሽ?"

ይህን ስትጠየቅ ግን አፏ ተፈታ። ደረጃውን በቂጧ ነው የወረደችው። የጓደኛዋን አንድ ዓይን ብቻ ነበር የምታየው፤ ሌላው ዓይን የት ሄደ ብላ ፈርታለች። ስሟን ወረቀቱ ላይ ስትጽፍ ቃሉ ጠፍቶባት የደብተሯን ሽፋን አይታ ገለበጠች። የመጸዳጃ ቤቱ ወለል ቀዝቃዛ ስለሆነ ጉንጯን ያስደገፈችው ራሷ ናት፤ ወድቃ አይደለም። ድምፁ ደግሞ፣ አለች፣ የውሃው ጠብታ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ያመኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ስትናገር እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ሁሉንም አውቀዋለሁ። አንዱንም አልነገረችኝም ነበር።

"ታዲያ ስንት እንበለው?" አላት።

"ስምንት ማለት ይቻላል?"

"ይቻላል።"

"ለሚመጣውስ?"

"የሚመጣው ሲመጣ ይቆጠራል።"

ከዚያ ደብተሩን ለእኔ መለሰልኝና ላጲስ ሰጠኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርን። እሑድ 9። "ያን ቀን ምን አቃተዎት?" መነሣት። ማየት። ማውራት። የልጄን ጥያቄ በትክክል መመለስ። 3 ጠፋ፣ 8 ተጻፈ። ሰኞ 17። እዚህ ጋ መጀመሪያ 4ን አጠፋሁ፤ ከዚያ ዘጠኝ አልኩ። ልጄ ወለሉን እያየች "እኔም በልቤ ዘጠኝ ነበር ያልኩት" አለች። ለእኔ ይሁን ለራሷ ግን አልጠየቅኩም።

ለእኔ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አዘዘ። መሥራት አለመሥራቱ ከሁለት ወር በፊት አይታወቅም አለ። ለእሷ ሲጀምራት ወዲያው የምትውጠው ሰጣት፤ ለመምህሯም ጻፈላት። ስንወጣ ትከሻው ላይ የሰፋውን ጋዋን እያየሁ "ይህን ያምጡልኝ፣ ላግባልዎት" አልኩት። "ሲቀልልዎት" አለኝ።

ሐሙስ፣ 4

5። አምስት ብሎ መጻፍ ከመታመሙ ይከብዳል። እንደ ጉራ ይመስላል።

ትእዛዙ በቀኑ ወጣ። ትናንት በአዲሱ ሆስፒታል በኩል አለፍን፣ ከጄኔራሏ ጋር። ነርሶቹ በራፉ ላይ ነጭ በነጭ ሆነው ቆመዋል። ጄኔራሏ አንድ በአንድ እጃቸውን ቆጠረችና "ሁሉም ሁለት ሁለት አላቸው፤ አሳፈርሽን" አለችኝ።

ሳቅኩ። ሳቁ ትንሽ አመመኝ፤ "አመመኝ" አልኳት። ክርኔን ይዛ ጥላ ወዳለበት በኩል አሻገረችኝ፤ እስከ ቤቴ ድረስም ቃል አልተናገረችም። ጄኔራሏ ዝም ስትል የሰማሁት ትናንት ነው።

ሰኞ፣ 8

እማ ስለተኛች የምጽፈው እኔ ነኝ።

አራት ብለሽ ጻፊ አለችኝ። ምን ይመስላል ስላት፣ ያው ነው አለች።

ስታወራ ዓይኗን አልገለጠችም። ሻሹን ሁለቴ አጥብቂልኝ ብላኛለች። ማንኪያ ከእጄ ወድቆ ሲንኳኳ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ባልዲው አጠገቧ ነው። ለጋሼ ደውዬ ዛሬ አትመጣም አልኩት፤ እሺ፣ ብሉ ነው? አለኝ። አዎ አልኩት።

ሰባት።

ስትነሣ ታየዋለች። በእርሳስ አልጻፍኩትም፤ በእስክሪብቶ ነው።